ፎቶው ያላለውን ስንኙ ይበለው

እህታችን የጠየቀችው ይህን ነው፦ «በጉዞ ላይ የማነሳቸው ፎቶዎች ጥሩ ናቸው ይሉኛል። ከሥራቸው ሁለት ሦስት መስመር ግጥም ልጽፍ ስል ግን ባዶ ይሆንብኛል። ቦታው ላይ ቆሜ የተሰማኝ ግርምትና ጸጥታ አይመጣም። ምን ላድርግ?»

እኔም ለዓመታት ፎቶና ግጥም ሳጣምር ስለቆየሁ ትንሽ ልዘርዝር።

መጀመሪያ ድንቅ፣ ውብ፣ ግሩም፣ ግርማ፣ ጸጥታ የሚሉትን ቃላት ለጊዜው ተያቸው። «ይህን ውበት ቃላት አይገልጹትም» የሚለውንም እንደዚሁ። ካልገለጹት ታዲያ ምን አደከመን? ፎቶው ተራራውን አሳይቶ ስንኙም ስለ ተራራው ትልቅነት ከነገረን አንዱ ትርፍ ነው። ካሜራ የማይዘው ብዙ ነገር አለ። ድምፅ፣ ሽታ፣ ብርድ፣ ከፍሬሙ ውጭ የቀረው፣ ከመነሳቱ በፊት የሆነው። ግጥሙን እዚያ ፈልጊው። አንድ ገደል አፋፍ ላይ ላነሳሁት ፎቶ የጻፍኩት ይህን ነበር፦

ንፋሱ ቆመ።
የውሃ ኮዳዬን ክዳን ስከፍት
ሸለቆው ሰማኝ።

ጸጥታ የሚል ቃል የለበትም፤ ጸጥታውን የምትናገረው ያቺ ትንሽ ድምፅ ናት። ቤትም አይመታም። ቤት የሚመታ ግጥም እወዳለሁ፤ በሦስት መስመር ላይ ግን ቤት ፍለጋው ያየነውን ያስረሳል።

ስለ ግርምት ደግሞ፣ ዳከር ኬልትነርና ጆናታን ሃይት የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጽሑፍ ስሜቱን በሁለት ነገር ያስረዱታል። አንደኛው ግዝፈት ነው። ሁለተኛው፣ ያየነው ነገር ከምናውቀው ጋር አልገጥም ሲል አእምሯችን እሱን ለመቀበል መስፋት መፈለጉ ነው። ለእኛ ሥራ ይህ ጥሩ መነሻ ነው። ግዝፈቱን ለፎቶው፣ አልገጥም ያለውን ለስንኙ ስጪ። ሰፊ ሌንስ ሁሉን ቢያስገባም ሩቁን ተራራ ጉብታ ያስመስለዋል። ራቅ ብለሽ ሩቁን አቅርቦ በሚያሳይ ረጅም ሌንስ አንሺው፤ ሥሩ ላይ ሰው ወይም ዛፍ ካለ መጠኑ ወዲያው ይታያል።

ፎቶውም ቢሆን ዓይን ያየውን ብቻ ሳይሆን የተሰማንን ሊናገር ይችላል። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1927 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዮሰሚቲ ፓርክ ውስጥ ሃፍ ዶም የተባለውን ቋጥኝ መጀመሪያ በቢጫ ፊልተር (ሌንሱ ፊት በሚደረግ ባለቀለም መስታወት) አነሳው። የተሰማውን ስሜት እንደማያሳይ ሲገባው፣ በቀረችው አንዲት የመስታወት ፕሌት (በፊልም ፈንታ የሚያገለግል መስታወት) ላይ በደማቅ ቀይ ፊልተር ደገመውና ሰማዩን አጠቆረው። ዓይኑ ያየው ሰማይ እንደዚያ ጥቁር አልነበረም።

ጸጥታን ለማሳየት ብዙዎች የሚሄዱት ብርሃን ወደሚቀንስ ጥቁር ፊልተር ነው። አሥር ስቶፕ የሚቀንሰው ፊልተር (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው) የአንድ ሠላሳኛ ሰከንዱን ፎቶ ወደ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ያረዝመዋል፤ ውሃውም ጭስ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ውጤቱ ሰልችቶኛል። ፊልተሩን የምይዘው ለሌላ ነገር ነው፦ ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው የካሜራው መዝጊያ) እስኪዘጋ ትራይፖዱ (ባለሦስት እግሩ የካሜራ ማቆሚያ) አጠገብ ሥራ ፈትቶ መቆም ግድ ይላል። አብዛኞቹ መስመሮቼ የመጡት በዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው።

ሊንዳ ሄንክል የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ጥናት፣ የሙዚየም ዕቃዎችን ሙሉ በሙሉ ፎቶ ያነሱ ሰዎች ዝም ብለው ካዩት ያነሰ ማስታወሳቸውን አሳይታለች። ከዕቃው አንዱን ክፍል አቅርበው ያነሱት ላይ ግን ትውስታቸው አልተጎዳም። ስለዚህ መጀመሪያ እዪ፣ ከዚያ አንሺ። ማስታወሻሽንም እዚያው ያዢ። ግጥም መሆን የለበትም፤ ምን እንደተሰማ፣ ምን እንደሸተተ፣ ማን እንዳለፈ ብቻ። ማታ ወይም ከሳምንት በኋላ ከዚያ ውስጥ ትመርጪያለሽ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ስንኙን ሰማዩ ላይ አትለጥፊው፤ ከፎቶው ሥር ይሁን። ለሁሉም ፎቶ ግጥም አትፈልጊ። ከፈለግሽ አንዱን ከነረቂቁ እዚህ ለጥፊልን፣ የትኛው መስመር ትርፍ እንደሆነ አብረን እናያለን።