ደም ሳይወሰድ የቆዳ በሽታ ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ክርኔና ጉልበቴ ላይ ነጭ ቅርፊት ያለው ነገር ወጥቶብኛል። የቆዳ ሐኪም ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ፣ ጥፍሬንና የራስ ቆዳዬን አይቶ «ሶሪያሲስ ነው» አለና ቅባት አዘዘልኝ። ደም እንኳ አልወሰደም! ጎረቤቴ ደግሞ «የሥጋ ደዌ እንዳይሆን» ብላ አስጨነቀችኝ። በማየት ብቻ ይታወቃል?

መልስ፦ አዎ፣ ይታወቃል። ደም ካልተወሰደ የተመረመርን የማይመስለን ብዙ ነን፤ ሐኪምዎ ግን በደንብ መርምሮዎታል። ጥፍርዎን ያየው በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ፍለጋ ነው። ሶሪያሲስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶችን ጥፍር ላይ ያወጣል።

ቆዳን እንዲህ ማንበብ ካስተማሩን አንዱ እንግሊዛዊው ሮበርት ዊላን ነው። እ.ኤ.አ. በ1757 ዮርክሻየር ውስጥ ተወለደ፣ ኤድንብራ ተማረ፣ ከ1783 ጀምሮ ለንደን ኬሪ ስትሪት በነበረ የድሆች ክሊኒክ ሠራ። ያኔ የቆዳ በሽታ ስም የተዘበራረቀ ነበር፤ አንዱን ሽፍታ እያንዳንዱ ሐኪም በየራሱ ስም ይጠራዋል። ዊላን መጀመሪያ ዓይን የሚያየውን ጠየቀ። ቅርፊት አለው? ውሃ ቋጥሯል? መግል ይዟል? ወይስ ቀለሙ ብቻ ነው የተለወጠው? በዚህ መንገድ በሽታዎቹን በ8 ምድብ ከፈለ። የለንደን ሕክምና ማኅበር በ1790 የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። ትልቁን ሥራውን ሳይጨርስ በ1812 ማዴይራ ደሴት ላይ ሲያርፍ፣ ተማሪው ቶማስ ቤትማን ቀጠለበት። እኔ ዊላንን የማከብረው ድሆቹን በሽተኞቹን ቀርቦ፣ ረጋ ብሎ ስላያቸው ነው።

የጎረቤትዎ ስጋትም የቆየ ነው። ዊላን ራሱ ሶሪያሲስን ጥሩ አድርጎ ቢገልጸውም ለሁለት ከፍሎ አንዱን የሥጋ ደዌ በሚጠራበት ስም «ሌፕራ» ብሎት ነበር። ዊላን የከፈላቸው ሁለቱም ያው ሶሪያሲስ መሆናቸውን በ1841 የቪየናው ሐኪም ሄብራ አሳየ። የሥጋ ደዌ የወጣበት ቆዳ ብዙውን ጊዜ ይደነዝዛል፣ ሲነኩት አይሰማም። ሶሪያሲስ ግን የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ሲዛባ ቆዳ በጣም ፈጥኖ በመታደሱ የሚመጣ ነው። በመነካካት፣ አብሮ በመብላት ወይም አብሮ በመተኛት ፈጽሞ አይተላለፍም። ልጆችዎን ያለ ፍርሃት ይቀፉ።

ሐኪም ሲጠራጠር ከቆዳው ቆንጥሮ ወስዶ ያስመረምራል፤ የእርስዎ ግን አላጠራጠረውም። ቅባቱን እንደታዘዘልዎ ይቀቡ፤ ሻል ሲልዎ በራስዎ አያቋርጡት፣ ከፋርማሲም ጠንከር ያለ ብለው ሌላ አይጨምሩበት። መገጣጠሚያዎ ካበጠ ወይም ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ካለ ግን ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይመለሱ።