«ንጹሕ ነው» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ሙያውን ከጀመረች ብዙ ያልቆየች አንዲት የሻጋታ መርማሪ ሰሞኑን እንዲህ ስትል ጻፈችልኝ፦ «ጋሼ፣ ጽዳቱ አልቋል። የክፍሉ የአየር ናሙና የሻጋታ ቁጥር ከውጭው አየር ያነሰ ነው፤ ላብራቶሪውም የተለየ ነገር አላገኘሁም ብሏል። ክፍሉ ግን አሁንም ይሸታል። ባለቤቱ ሪፖርቱን ዛሬውኑ ስጪኝ እያለ ነው። ልፈርም?»

«አትፈርሚ ልጄ» አልኳት። ምክንያቱን ላብራራላት ስቀመጥ ግን ለብዙ ዓመታት ሲከነክነኝ የኖረ ነገር መጣብኝና መልሱ ረዘመ። ስለዚህ በዚህ ሥራ ለተሰማራችሁ ወጣቶች ሁሉ ይሁን።

በወጣትነቴ የተቀጠርኩበት ድርጅት የአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት እንዲያጸዳ ሥራ ወሰደ። ጣሪያው አፍስሶ ኮርኒሱ ጠቋቁሮ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ፕላስቲክ የምወጥር፣ ፍርስራሽ የማወጣ፣ ፓምፕ የምሸከም ረዳት ነኝ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ንግግራቸው ቁጥብ የሆነ እናት ነበሩ። ሥራ በጀመርንበት ጠዋት አንድ ደብተር ይዘው መጡ። ሽታው የበረታበትን ቀን፣ የቀለለበትን ቀን፣ ሳል የያዛቸውን ቀን፣ ዝናብ የጣለበትንና ያልጣለበትን ቀን ሁሉ መዝግበዋል። ለቡድን መሪያችን ዘረጉለት። እሱ ሁለት ገጽ ገለጥ ገለጥ አደረገና በትሕትና መለሰላቸው። «ጣሪያው ተጠግኗል፣ ኮርኒሱን እንቀይራለን፣ ከዚያ በኋላ ይተዋል» አላቸው።

ደብተሩን በምሳ ሰዓት አስፈቅጄ አነበብኩት። ጠብታ ዝናብ ባልነበረባቸው ሳምንታትም ሽታው ነበር። ሰኞ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ከሌላው ቀን ሁሉ ይበረታል። ሳላቸው ደግሞ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ይጠፋል፣ ሲከፈት ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ሽታውን በጻፉበት ቦታ ሁሉ የሚጠቅሱት ከመጸዳጃ ቤቱ ጋር በሚዋሰነው ግድግዳ ላይ የተደገፈውን መደርደሪያ ነበር፤ ኮርኒሱ የጠቆረው ግን በተቃራኒው ጥግ ነው። ይህን ለቡድን መሪያችን ነገርኩት። «የተዋዋልነው ለኮርኒሱ ነው» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ጊዜ ያጣደፈው ሰው ነበር።

ጽዳቱ ራሱ በደንብ ተሠራ፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ሲያልቅ የማረጋገጫ ምርመራውንም ያደረገው ያው ድርጅታችን ነው። የአየር ማጣሪያ ማሽኖቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠሩ አድረው ናሙናው እስኪወሰድ ድረስ አልጠፉም። መስኮቶቹ ጠዋት ተከፍተው ነበር። ውጭ ሣር እየታጨደ ስለነበር የውጭው ቁጥር ከፍ ብሎ መጣ፤ የውስጡም ከእሱ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ሆነ። ሪፖርቱ «ንጹሕ» ተብሎ ተፈረመ። ኃላፊዋ ወረቀቱን አንብበው ሲጨርሱ ቀና ብለው «ታዲያ ይህ ሽታ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ። መሪያችን ቁጥሩን በጣቱ አሳያቸው። ሌላ መልስ አልተሰጣቸውም።

በቀጣዩ ዓመት የኤሌክትሪክ መስመር የሚዘረጉ ሠራተኞች ያንን መደርደሪያ አንሥተው ጂፕሰሙን ሲቆርጡት ጀርባው ከወለል እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር ሆኖ ተገኘ። የመጸዳጃ ቤቱ የውሃ ቧንቧ መጋጠሚያው ላይ ያንጠባጥባል። ጠብታው ትንሽ ስለነበረ ወለሉ ላይ አንድም ቀን ውሃ ታይቶ አያውቅም፤ ጂፕሰሙ ግን ይጠጣው ነበር። እኔ ይህን የሰማሁት ለሌላ ሥራ ወደዚያው ስሄድ ነው። እኚያ እናት አስም እንዳለባቸው ተነግሯቸው ሥራቸውን ለቀው ሄደዋል። ልክ እንደነበሩ ልነግራቸው ፈለግሁ፤ አድራሻቸውን የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። አስሙን ያመጣባቸው ያ ግድግዳ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪምም ቢሆን ስለ አንድ ሰው እንዲህ በእርግጠኝነት ለመናገር ይቸገራል። እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ክፍል የአስም ሕመምን እንደሚያብስ ግን የታወቀ ነው። እኔን የሚቆጨኝ «እውነትዎን ነው» የሚላቸው አንድ ሰው እንኳ ሳያገኙ መሄዳቸው ነው።

አሁን ወደ ናሙናው ልምጣ። አብዛኞቻችሁ የምትጠቀሙበት ካሴት፣ ማለትም በፓምፕ የሚሳበው አየር የሚያልፍበት የናሙና መያዣ፣ በደቂቃ 15 ሊትር አየር ይስባል። 5 ደቂቃ ሲሠራ 75 ሊትር ነው። ወለሉ 200 ካሬ ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ክፍል 600,000 ሊትር አየር ይይዛል። የመዘናችሁት ከ8,000 እጅ አንዱን ነው፤ እሱንም ለ5 ደቂቃ ብቻ። በ75 ሊትር ውስጥ አንዲት ስፖር፣ ማለትም ሻጋታ የሚራባባት ዘር መሰል ቅንጣት፣ ብትገኝ ላብራቶሪው በኪዩቢክ ሜትር 13 ብሎ ይጽፍላችኋል፤ ሁለት ብትገኝ ወደ 27 ይዘላል። ስታኪቦትሪስ የሚባለው፣ እርጥብ ጂፕሰም የሚወደው ሻጋታ ደግሞ ስፖሩ የሚያጣብቅ ስለሆነ እርጥብ እስካለ በቀላሉ ወደ አየር አይወጣም። በተዘጋ ግድግዳ ውስጥ ሞልቶ ሳለ ካሴቱ ባዶ ሊመጣ ይችላል። ውጤት ስታነቡም ጠቅላላ ድምሩን ብቻ አትዩ። ውጭ ያልታየ፣ ወይም ውጭ ጥቂት ሆኖ ውስጥ የበዛ ዓይነት ካለ ድምሩ ቢያንስም ነገር አለ ማለት ነው።

«ከዚህ በታች ከሆነ ጤናማ ነው» የሚባለውን ቁጥር የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለ የጤና ወሰን ሊያስቀምጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ለሻጋታ ስፖር የተደነገገ ፌዴራላዊ ገደብ የለም ይላል፤ ሻጋታው በዓይን ከታየም አብዛኛውን ጊዜ ናሙና አያስፈልግም ባይ ነው። ኤስ520 የሚባለው የሙያው ስታንዳርድ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተሻሽሏል። እሱም ቦታን የሚለየው በሦስት ሁኔታ ነው። ሁኔታ 1 የተለመደው የቤት ውስጥ አየርና አቧራ፣ ሁኔታ 2 ከሌላ ቦታ መጥቶ ያረፈ ስፖር ያለበት፣ ሁኔታ 3 ደግሞ ሻጋታው ራሱ የበቀለበት ነው፤ በእድገት ላይ ያለም ይሁን ያንቀላፋ፣ የሚታይም ይሁን የተደበቀ። የጽዳት ግቡ ወደ ሁኔታ 1 መመለስ ነው። ይህን ለመወሰን ዓይን፣ አፍንጫ፣ የእርጥበት መለኪያና የሕንፃው ታሪክ ያስፈልጋሉ። ናሙናው ከእነዚህ በኋላ የሚመጣ ረዳት ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚቀድም ጉዳይ አለ። ያጸዳ እጅ ጽዳቱን መመስከር የለበትም። በቴክሳስና በኒውዮርክ ይህ ሕግ ነው፤ አንዱ ፈቃድ ያለው ባለሙያ በአንድ ሥራ ላይ መርማሪም አጽጂም ሊሆን አይችልም። አሠራሩ አዲስ አይደለም። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ላይ በቤት ግድግዳ ስለሚወጣ ደዌ የተጻፈውን ታውቁታላችሁ። ካህኑ ያያል፣ ቤቱን 7 ቀን ይዘጋል፣ ተመልሶ ያያል፤ ሰፍቶ ካገኘው ድንጋዩ እንዲወጣና ግድግዳው እንዲፋቅ ያዛል፤ ከተመረገ በኋላም እንደገና መጥቶ ያያል። እንደገና ከወጣ ቤቱ ይፈርሳል። የሚፍቁት ሌሎች፣ የሚያየው ሌላ። ሕግ በሌለበት አገር የምትሠሩ ከሆነ በውላችሁ ራሳችሁ ጻፉት። ድርጅታችሁ ሁለቱንም ይሥራ ካለ አለቃችሁን ተከራከሩ፤ እሱ አልሰማ ካላችሁ ቢያንስ በሪፖርቱ ላይ «ጽዳቱን ያካሄደውም ይኸው ድርጅት ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር እንዲገባ አድርጉ፤ አንባቢው ይወቅ።

ስለ ማስክ፣ ጓንትና መነጽር አልጽፍም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ስልጠና የሰማችሁት ነው። ስለ በረኪናም አንድ ቃል ብቻ፦ የሞተ ሻጋታም አለርጂ ያስነሣል፤ ሥራው ማንሣት እንጂ ማንጣት አይደለም።

በእናንተ ትውልድ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ከእኛ ይበልጥ ተምራችኋል፤ መሣሪያችሁም ከእኛ ይበልጣል። ነገር ግን ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የምታናግሩት መሣሪያውን ነው። ነዋሪው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እናንተ ስክሪን ታያላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ በሮችዴል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2020 የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ባለሥልጣን በ2022 በሰጡት ውሳኔ መንስኤው በቤቱ ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ ያስከተለው የመተንፈሻ አካላት ሕመም ነው አሉ። ወላጆቹ ስለ ሻጋታው ደጋግመው አመልክተው ነበር። በ2023 የወጣው የአዋብ ሕግ ስሙን ያገኘው ከዚያ ሕፃን ነው፤ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች የእርጥበትና የሻጋታ አቤቱታን በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲመረምሩ ያስገድዳል። አስቡት፤ ሰው «ቤቴ ሻጋታ አለው» ሲል እንዲሰማ ሕግ አስፈለገ።

በዚህ ላይ አንድ አናጢ ትዝ አሉኝ። አብረን ስንሠራ በዞኮሎው ላይ አውራ ጣታቸውን እየጫኑ ክፍሉን ይዞሩና በእርሳስ ምልክት ያደርጋሉ። እኔ በመለኪያ ስከተላቸው ምልክታቸው ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በላይ ያነባል። እንጨት እዚያ ደረጃ ላይ ከደረሰና ከቆየ ለሻጋታ ተመችቷል። መለኪያውን የምወደው ያን ጊዜ ነው፤ የሰው እጅ ያገኘውን ሲያጸድቅ። ቴርማል ካሜራን በተመለከተ ደግሞ የተናገርኩትን እዚህ ላይ ላፍርስ፤ ያ ካሜራ ያኔ በእጃችን ቢኖር ኖሮ የቤተ መጻሕፍቱን ግድግዳ ቀዝቃዛ ጥግ በአንድ ደቂቃ ሊያሳየን ይችል ነበር። ግዙት፤ ተማሩበት። ሙቀትን እንጂ እርጥበትን እንደማያይ ግን አትርሱ፤ ቀዝቃዛ ሆኖ የታየውን ሁሉ በእርጥበት መለኪያ አረጋግጡ። ለእንጨት የተሠራ መለኪያ በጂፕሰም ላይ የሚያነበው መቶኛ እውነተኛ መቶኛ አይደለም። መጀመሪያ ደረቅ መሆኑን የምታውቁትን የዚያኑ ዓይነት ግድግዳ ለኩ፤ ከዚያ የተጠራጠራችሁትን ከእሱ ጋር አነጻጽሩ።

ግድግዳ መክፈት ግድ ሲሆን በስሜት አትቁረጡት። የተደበቀ ሻጋታ ሲቆረጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ስፖር ይለቃል። የአሜሪካው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2001 ለትምህርት ቤቶችና ለንግድ ሕንፃዎች ባወጣው መመሪያ ሻጋታው ከ1 ካሬ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ቦታው በፕላስቲክ እንዲከለልና የውስጡ የአየር ግፊት ከውጭው ዝቅ እንዲል፣ ከ10 ካሬ ሜትር ገደማ ካለፈ ደግሞ ክልሉ ድርብ እንዲሆን ይመክራል። ምን እንደሚገኝ ካልታወቀ እኔ ትንሹን ቀዳዳ እንኳ ሳልከልልና ሄፓ የሚባለው፣ ረቂቅ ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው ቫኩም ሳልይዝ አልከፍትም።

ወደ ፊርማው ስመለስ፣ ሽታ ያለበት ክፍል «ንጹሕ» አይባልም፤ ቁጥሩ የፈለገውን ይበል። ሪፖርቱ ላይ ያያችሁትን፣ ያሸተታችሁትን፣ የለካችሁትንና ያላያችሁትን ለየብቻ ጻፉ። የትኛው ግድግዳ እንዳልተከፈተ፣ ለምን እንዳልተከፈተ፣ ማን እንዳልፈቀደ ይግባ። ማሽኖቹ ከጠፉ ስንት ሰዓት እንደሆናቸው፣ መስኮት ተከፍቶ እንደነበር፣ ውጭ ምን ይደረግ እንደነበር ከናሙናው ጎን ይጻፍ። የነዋሪውን ቃል በራሱ አነጋገር አስፍሩት፤ ደብተር ካለው ፎቶ አንሥታችሁ አያይዙት።

ባለቤቱ የሚቆጣው ብዙ ጊዜ ነገሩን መጨረሻ ላይ ስለሚሰማው ነው። እኔ ሥራ ሳልጀምር ውሉ ላይ ሁለት ነገር አስገባለሁ፦ የውሃው ምንጭ ካልተገኘና ካልተደፈነ የማረጋገጫ ሪፖርት እንደማይሰጥ፣ እንዲሁም ምልክት ከታየ ከተስማማንበት ቦታ ውጭ ያለ ግድግዳም ሊከፈት እንደሚችልና ወጪው የማን እንደሆነ። ሰዎች ይህን አስቀድሞ በእርጋታ ካስረዷቸው አብዛኞቹ ይቀበላሉ። የማይቀበሉትን ወደ ሌላ መርማሪ እልካቸዋለሁ፤ ለላክሁበትም ሰው ደውዬ ለምን እንደላክኋቸው እነግረዋለሁ።