«ከመሬት በታች ማን ያያል?»

ጥያቄ፦ ለንደን ውስጥ ተያይዘው በረድፍ ከተሠሩ የቪክቶሪያ ዘመን ቤቶች አንዱን በፍሪሆልድ (ቤቱም መሬቱም የራሳችን ሆኖ) ገዝተን እንኖራለን። ከኮሪደሩ ሥር ጠባብ የድሮ የከሰል ማከማቻ አለ። እሱን ቆፍረንና አስፍተን መታጠቢያ ያለው ባለሁለት ክፍል ምድር ቤት ልናደርገው አስበናል። እናቴ ስትመጣ ታርፍበታለች፤ በሌላ ጊዜ ልናከራየው እንችላለን። ኮንትራክተራችን «ከመሬት በታች ማን ያያል? ፈቃድ አያስፈልግም» ይላል። እውነት ነው? ወጪውስ ምን ምን ያካትታል?

መልስ፦ ኮንትራክተርዎ የሚያወራው ስለ ሌላ ዓይነት ሥራ ይመስለኛል። በእንግሊዝ ድሮ የነበረን ምድር ቤት ሳይቆፍሩና የቤቱን የውጭ ገጽታ ሳይለውጡ ወደ መኖሪያ ክፍል መቀየር አብዛኛውን ጊዜ የፕላኒንግ (የግንባታ ዕቅድ) ፈቃድ አይጠይቅም። እናንተ ግን አፈር ልታወጡ ነው። በ2016 የለንደኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በካምደን ካውንስል (በአካባቢው አስተዳደር) ላይ በቀረበ ክስ እንደዚሁ በረድፍ በተሠራ ቤት ሥር የታሰበን ቁፋሮ ተመልክቶ ነበር። ካውንስሉ ሥራውን እንደ ተራ የቤት ማስፋፊያ ቆጥሮት ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ቁፋሮውና መሠረት የማጠናከሩ ሥራ ራሱን የቻለ የምህንድስና ሥራ መሆን አለመሆኑ ሊመረመር ይገባ ነበር ብሎ ውሳኔውን ሻረው። ከዚያ ወዲህ «አያስፈልግም» የሚለውን ቃል ከማንም አፍ ብቻ አልቀበልም።

ቤታችሁ በየትኛው ካውንስል እንደሆነ አልነገሩኝም። ካምደን፣ ዌስትሚኒስተር ወይም ኬንሲንግተንና ቼልሲ ከሆነ ጥያቄው ያለቀ ነው፤ ሦስቱም ያለ ፈቃድ ምድር ቤት የመቆፈርን መብት በልዩ ትእዛዝ አንስተዋል። በሌላ ቦታ ከሆነ ወይ ሙሉ ማመልከቻ ያስገቡ፣ ወይም ሥራው ፈቃድ እንደማያስፈልገው ካውንስሉ በጽሑፍ የሚያረጋግጥበትን የሕጋዊነት ሰርተፊኬት ይጠይቁ። የሙሉ ማመልከቻው ክፍያ በኤፕሪል 2025 ከ258 ወደ 528 ፓውንድ ከፍ ብሏል፤ በየዓመቱም ኤፕሪል ላይ ይከለሳል። ሰርተፊኬቱ የዚህን ግማሽ ያስከፍላል። ለማመልከቻው መልስ የሚሰጥበት ሕጋዊ ጊዜ 8 ሳምንት ነው። «ሠርቼ ዝም እላለሁ» የሚሉም አሉ፤ ከኤፕሪል 25 ቀን 2024 በኋላ ለተጠናቀቀ ሥራ ካውንስሉ እርምጃ የሚወስድበት ጊዜ ከ4 ወደ 10 ዓመት መራዘሙን ይወቁ።

እናትዎ የቤተሰቡ አካል ሆነው ማረፋቸው ችግር የለውም። የራሱ በርና ወጥ ቤት ያለው ክፍል ለብቻው ማከራየት ግን አንዱን ቤት ሁለት ማድረግ ነው፤ ለብቻው ፈቃድ ይጠይቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ለብዙ ሰው «ፈቃድ» ማለት ካውንስል ብቻ ነው። የካውንስሉ ወረቀት ግን ከጎረቤት ጋር ላለው ጉዳይ ምንም አይፈይድም። እሱን የሚገዛው በ1996 የወጣው የጋራ ግድግዳ ሕግ፣ ሰዉ «ፓርቲ ዎል» የሚለው ነው። ከጎረቤት ሕንፃ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ከመሠረቱ ዝቅ ብሎ ለሚቆፍር ሰው ቢያንስ የአንድ ወር የጽሑፍ ማስታወቂያ ግዴታ ነው፤ በጋራው ግድግዳ ሥር መሠረት ለመጨመር ደግሞ ሁለት ወር። ጎረቤት በ14 ቀን ካልመለሰ ዝምታው እንደ እንቢታ ይቆጠርና ጉዳዩ ወደ ሰርቬየሮች፣ ማለትም ክርክሩን ወደሚዳኙ የሕንፃ ባለሙያዎች ይሄዳል። የእነሱንም ክፍያ፣ የጎረቤትዎን ሰርቬየር ጨምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ጎረቤት ለጉዳት መያዣ የሚሆን ገንዘብ አስቀምጥልኝ ብሎ የመጠየቅ መብትም አለው። ብረት የገባበት ኮንክሪት በእሱ መሬት ላይ ለማፍሰስ ደግሞ የጽሑፍ ስምምነቱን ማግኘት አለብዎት፤ እንቢ ካለ መሐንዲሱ ዲዛይኑን መለወጥ ይኖርበታል። ስለዚህ ዲዛይኑ ከማለቁ በፊት ይጠይቁ። ማስታወቂያውን ዘለው ከጀመሩ ጎረቤት ፍርድ ቤት ሄዶ ሥራውን ሊያሳግድ ይችላል። ከፊል ተቆፍሮ የታገደ ጉድጓድ ምን እንደሚያስከፍል ለእርስዎ መንገር አያስፈልገኝም።

በነገራችን ላይ፣ በሊዝሆልድ (መሬቱ የሌላ ሰው ሆኖ ለተወሰነ ዘመን በውል በተያዘ) አፓርታማ የሚኖሩ ወዳጆች ካሉዎት ከሁሉ አስቀድመው ውላቸውን ያንብቡ። በ2018 ፍርድ ቤቱ የአንድ ቤት ሊዝ ከወለሉ ሥር ያለውን አፈር አያካትትም ብሎ ወስኗል፤ ባለሊዙ የሰው መሬት ሊቆፍር ነበር ማለት ነው።

ወጪውን በአንድ ቁጥር ልንገርዎ ብል እዋሻለሁ፤ የት እንደሚበላ ግን ላሳይዎ። 40 ካሬ ሜትር ቦታ 3 ሜትር ቢቆፈር 120 ሜትር ኩብ ነው። አፈር ሲወጣ ያብጣል፤ በ30 በመቶ ብንወስደው 156 ሜትር ኩብ ይሆናል፣ 6 ሜትር ኩብ በሚይዝ ስኪፕ (የአፈርና የቆሻሻ መጫኛ ትልቅ የብረት ሳጥን) 26 ጭነት። ስኪፑ መንገድ ላይ ሲቆም የካውንስል ፈቃድ ይከፈልበታል። መሠረቱ በየአንድ ሜትር ገደማ ቁራጭ፣ ጎን ለጎን ሳይሆን እየዘለለ ስለሚሠራ ጊዜው ይረዝማል፤ ጊዜ ደግሞ የሠራተኛ ደመወዝ ነው። የውኃ መከላከያ፣ ፓምፕ፣ አየር ማስገቢያ፣ ከእሳት ማምለጫ መንገድ አሉ፤ እነዚህን የሚቆጣጠረው የሕንፃ ቁጥጥር ክፍል ከፕላኒንግ የተለየ ነው። የዚህ ክፍል የማጠናቀቂያ ሰርተፊኬት ከሌለ ቤቱን ሲሸጡ የገዢው ሶሊሲተር (ጠበቃ) ይይዝዎታል። ኮንትራክተሩ የሰጠዎት ዋጋ 20 በመቶውን ቫት ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ሞርጌጅ ካለብዎ የባንኩ ፈቃድ ያስፈልግዎታል፤ ለቤት ኢንሹራንሱም ማሳወቅ አለብዎት። ማንም ሳያጠፋ የጎረቤት ግድግዳ ቢሰነጠቅ የሚሸፍነውን ልዩ ኢንሹራንስም ለሥራው ይጠይቁ፤ የኮንትራክተሩ ተራ ፖሊሲ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን እንጂ እድሉን አይሸፍንም።

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መዋቅራዊ መሐንዲስ ቀጥረው አፈሩንና የጎረቤቶችዎን መሠረት ጥልቀት ያስመርምሩ። በዚያው ሳምንት፣ ማስታወቂያው በፖስታ ሳይደርሳቸው፣ ራስዎ በሁለቱም በር ሄደው ያናግሯቸው።