የዛፍ ፈርን ቅጠል ጠርዙ ሲደርቅ

ውድ እህታችን፣ ከቦንጋ አካባቢ የመጣልዎት የዛፍ ፈርን (አበባና ዘር የሌለው፣ ዛፍ መሰል ግንድ ያለው ተክል) አዲስ አበባ በረንዳዎ ላይ ከተቀመጠ ወዲህ የቅጠሎቹ ጠርዝ እየደረቀ መሆኑን ገልጸው፣ ወደ ፀሐይ ማውጣትና ፍግ መጨመር ይረዳው እንደሆነ ጠይቀዋል። ይህንኑ ተክል ለዓመታት በጓሮዬ ተንከባክቤ ካየሁት በመነሳት፣ ሁለቱንም ባያደርጉ ይሻላል እላለሁ።

በደቡብ ምዕራብ ደኖቻችን የሚገኘው ይህ ዝርያ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሳያቲያ ማኒያና፣ የሚበቅለው በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥርና በጅረት ዳር ስለሆነ የለመደው በቅጠል መካከል የሚያልፍ ብርሃንና ውሃ ያዘለ አየር ነው። አዲስ አበባ ከጥቅምት በኋላ አየሩ ደርቆ ነፋሱ ሲበረታ፣ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ እንኳ የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል። ስለዚህ በቅድሚያ ነፋስ ከማያገኘው፣ የቀትር ፀሐይ ከማይደርስበት የግንብ ጥግ ያስጠጉት። ግንድ የሚመስለው ክፍል በጥቃቅን ሥሮች የተሸፈነ በመሆኑ፣ በበጋ ጠዋት ጠዋት ውሃውን በአፈሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በግንዱም ላይ ከላይ ወደ ታች ያፍስሱ፤ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካለዎት ከቧንቧው ይመረጣል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ውርጭ የሚያሰጋ ከሆነ አናቱን በጆንያ ይሸፍኑት፤ የእድገቱ ጫፍ እዚያ ስለሆነ፣ እርሱ ከሞተ ግንዱ እንደገና አያቆጠቁጥም።

መረሬ አፈር ውሃ ቋጥሮ ሥሩን ያበሰብሳል። የቅጠል ብስባሽ፣ ቀይ አፈርና የተሰባበረ ከሰል ቀላቅዬ እጠቀማለሁ፤ ያልበሰለ ፍግ ግን ሥሩን ይጎዳል።

ሌላ ተክል ከጫካ ለማስመጣት ማሰብዎን ግን አልደግፍም። የዛፍ ፈርኖች በዝግታ የሚያድጉና ዓለም አቀፍ ንግዳቸው የመጥፋት አደጋ የሚያሰጋቸውን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ቁጥጥር የሚደረግበት ከመሆኑም በላይ፣ በትዕግሥት ከስፖር፣ ማለትም ፈርን በዘር ፈንታ ከሚራባበት ደቃቅ ብናኝ፣ ማብቀል ይቻላል። በቅጠሉ ጀርባ ያሉት ነጠብጣቦች ቡናማ ሲሆኑ ቁራጩን በወረቀት ጠቅልለው ያቆዩት፤ የሚረግፈውን ደቃቅ ብናኝ፣ የፈላ ውሃ ፈስሶበት በቀዘቀዘ ብስባሽ ላይ ይነስንሱት፤ ብርሃን ስለሚፈልግ አፈር አያልብሱት። ዕቃውን በላስቲክ ሸፍነው ጥላ ውስጥ ካቆዩት፣ ከሳምንታት በኋላ አረንጓዴ ሽፋን፣ ቀጥሎም የልብ ቅርጽ ያላቸው ጥቃቅን ቅጠል መሰል አካላት ይታያሉ። በእነዚህ አካላት ላይ የሚፈጠረው ወንዴ ሕዋስ ወደ ሴቴው የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ በመሆኑ፣ በዚህ ወቅት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በስሱ ይርጩት። እውነተኞቹ ቅጠሎች ብቅ ካሉ በኋላ ላስቲኩን ቀስ በቀስ ይክፈቱ፤ ወደ ማሰሮ ማዛወሩን ደግሞ አየሩ እርጥብ ለሆነበት ለክረምት ያቆዩት።