ጥያቄና መልስ፦ የጀልባዬ ሆድ ተጫረብኝ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ ከባህር ዳር ነው የምጽፍልዎት። ዘጌና ክብራን ገብርኤል እንግዳ የማመላልስባት ነጭ የፋይበር ጀልባ አለችኝ። ግንቦት ላይ ውሃው ሸሽቶ ማረፊያው ጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችብኝና ሆዷ ላይ ብዙ ቀጫጭን ጭረት፣ ሁለት ደሞ ጥፍር የሚያስገባ ቦይ ወጣባት። አንዱ በጥርስ ሳሙና እሸው ይለኛል፣ አንዱ ስቱኮ ለቅልቀህ ቀለም ቀባው ይለኛል፣ ባትላሜራ የሚሰራ ጓደኛዬ ደሞ በግራይንደር ፖሊሽ ላድርግልህ ብሎ ቆሟል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ በመጀመሪያ ጓደኛህን አመስግነህ ግራይንደሩን ይዞ እንዲሄድ አድርግ። ያ የምታየው የሚያብለጨልጨው የጀልባዋ ቆዳ ጄልኮት ይባላል፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በቃ፣ ሌላ የለም። ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ አካባቢ ይዞራል፣ እኔ ራሴ ጀማሪ እያለሁ የሰው ጀልባ ጠርዝ ላይ ለአፍታ ባሳርፈው ጄልኮቱን በልቶ የፋይበሩን ሽመና አወጣብኝና ያንን ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ገንዘቡም ከኪሴ። ጠርዝ ላይ ደሞ ጄልኮቱ ይበልጥ ስስ ነው።

ስለዚህ ከመፋቅህ በፊት ለካ። ጀልባዋን አውጥተህ እጠባትና ጭረቱ ላይ ውሃ አፍስስበት፣ ሲረጥብ ነጩ መስመር ከጠፋ ላይ ላዩን ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለቃል። እርጥብም ሆኖ ከታየና ጥፍርህ ከያዘው ግን መፋቅ አያዋጣም፣ ቦዩ ታች ለመድረስ ዙሪያውን በሙሉ ታሳሳዋለህ፣ እሱ መሞላት ነው ያለበት።

ለቀጫጭኖቹ ውሃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት ግዛ፣ ቁጥሩ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000፣ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ ሶል ቁራጭ ቆርጠህ ወረቀቱን ጠቅልልበት፣ በጣትህ ብቻ ከያዝከው የጣትህን ያህል ጉድጓድ ይሰራል። ባልዲው ውስጥ የሳሙና ጠብታ ጨምር። ቦታው ላይ በእርሳስ መረብ ሳልበትና 800ውን በአግድም ሂድበት፣ እርሳሱ እኩል ሲጠፋ አቁም፣ ቀጥሎ 1000ውን በቁም፣ የአግድሙ መስመር ሁሉ እስኪጠፋ፣ እንዲህ እያቀያየርክ እስከ 2000። ሰው የሚሰንፈው እዚህ ጋ ነው፣ ከ800 ዘሎ ፖሊሽ ያደርግና ፀሐይ ሲወጣ ጭረቱ ሁሉ ተመልሶ ይታየዋል። ከዛ ኮምፓውንድ፣ ማለትም የማብረቂያ ቅባት፣ ፍጥነቱ በሚቀነስ ፖሊሽ ማሽን፣ ከ1,500 ዙር ባይበልጥ፣ አንድ ቦታ ሳትቆም፣ እንዳይሞቅ በእጅህ እየነካህ። የጥርስ ሳሙናውን ለጥርስህ።

ሁለቱ ቦዮች ጋ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ጥላ ስር ጥቂት ቀን ይድረቁ። በፋቂ ጫፍ አፋቸውን ትንሽ ከፈት አድርግ፣ ጄልኮት ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ አይገባም። ዙሪያውን በሳንቲም ምታው፣ ድምፁ የሞተ ከሆነ ወይም ፋይበሩ ነጥቶ ከለሰለሰ ጉዳዩ ጭረት አይደለም፣ በፋይበር ጨርቅና በሬዚን፣ ጨርቁን በሚያጠነክረው ፈሳሽ፣ ከስር ይሰራ። ደህና ከሆነ በአሴቶን ጥረገው፣ ለ100 ግራም ጄልኮት 2 ግራም ሃርድነር (ማድረቂያው ፈሳሽ) ቀላቅል፣ ትንሽ ትንሹን ብቻ ምክንያቱም በባህር ዳር ሙቀት ሳታስበው እጅህ ላይ ይደርቅብሃል። መነጽር ሳታደርግ ሃርድነሩን እንዳትከፍት፣ አንድ ጠብታ ዓይን ያጠፋል፣ ከአሴቶን ጋር ደሞ በፍጹም እንዳይቀላቀል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ከፍ አድርገህ ሙላውና ላዩን በላስቲክ ሸፍን፣ ጄልኮት አየር ካገኘው ላዩ ሲያጣብቅ ይኖራል፣ ሰዉ "ሃርድነሩ ተበላሸ" የሚለው ብዙ ጊዜ ይህን ረስቶ ነው። በነጋታው ከ400 ጀምረህ ከላይ ያልኩህን ድገም። ነጩ ቀለም ልክ ባይመጣልህ አትጨነቅ፣ ከውሃ በታች ነው፣ ዓሳው አይታዘብህም።

ስቱኮ ለመኪና ነው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ከውሃ መስመር በታች እንዳታስገባው። ደረቅ ስትፍቅ ደሞ ማስክ፣ የፋይበር ብናኝ ለሳንባ አይሆንም። የታንኳ ሰዎች እድለኛ ናቸው፣ ደንገሉ ሲበሰብስ አዲስ ያስራሉ፣ ለኛ ግን ያቺው ግማሽ ሚሊሜትር ናት።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው፣ የኔ ጀልባ ጭረት የላትም ግን ደብዝዛለች፣ ስነካት እጄ ላይ ኖራ የመሰለ ዱቄት ይቀራል። ቀለም ላስቀባት?

መልስ፦ እህቴ አታስቀቢያት። ፀሐይ ነው የበላት፣ ሐዋሳ ከባህር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ቀልድ አይደለም። እጠቢያት፣ በኮምፓውንድ አስፈትጊያት፣ ጨርቁ ላይ የሚወጣው ነጭ የሞተው ጄልኮት ነው፣ አትደንግጪ። ከዛ ሰም፣ በዓመት ሁለቴ፣ ሥራ ስትፈታም ሸራ ጣል አድርጊባት። ሰሙ ግን መርገጫው ላይ እንዳይነካ፣ እንግዳ ሲሳፈር ያንሸራትትብሻል።