ሰሜን ሸዋ ለእረፍት ስትመጡ፦ መኪና መከራየት ወይስ በመነኻሪያ?

ክረምት ሲቃረብ፣ ከዚያ ደግሞ ገናና ጥምቀት ሲደርስ፣ ከውጭ የሚደወልልኝ ስልክ አንድ ዓይነት ነው። «ደብረ ብርሃን ቤተሰብ ጋ እንሰነብታለን። ልጆቹን አንኮበር እንወስዳቸዋለን። ከተመቸን መንዝም እንወጣለን። መኪና እንከራይ ወይስ በሕዝብ ትራንስፖርት እንሂድ?» እኔም ውጭ ኖሬ የተመለስኩ ስለሆንኩ ጥያቄው ይገባኛል። ብዙዎቹ ግን ሲደውሉ ልባቸው ወስኗል። ቦሌ ላይ የሚጠብቅ ላንድክሩዘር፣ ከነሹፌሩ፣ ለቆይታው በሙሉ። እኔ ደግሞ «እስቲ ቆይ» እላለሁ።

መኪና ተከራዩ። ግን ለመንገድ ቀን ብቻ። ለመቀመጫ ቀን አትከራዩ።

አገር ቤት እረፍት የሚባለው ነገር አብዛኛው መቀመጥ ነው። ጠዋት ቡና ይፈላል፣ እስከ ሦስተኛው ድረስ መነሳት የለም። ጎረቤት «እንኳን ደህና መጣችሁ» ሊል ይመጣል። ምሳ አጎት ቤት ነው። እናንተ በሌላችሁበት ያረፈ ሰው አይጠፋም፤ ስለዚህ ከሰዓት ለቅሶ መድረስ አለ። እዚያ ደርሶ ወዲያው መነሳት ነውር ነው። ይኼ ሁሉ ሲሆን መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሹፌሩ ጋቢናውን ወደ ኋላ አስተኝቶ ስልኩን ይነካካል። ኪራዩ ግን በቀን ነው፣ ተነዳም አልተነዳም ይቆጠራል። ኦርላንዶ ዲዝኒ ወርልድ ልጆቻችሁን የወሰዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ የዲዝኒ ሆቴል ያረፈ ሰው በሆቴሉ ነፃ አውቶቡስ ከፓርክ ፓርክ ይመላለሳል፣ የተከራየው መኪና ደግሞ ፓርኪንግ ውስጥ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ደብረ ብርሃን ላይ ያንን አውቶቡስ የሚተካው ባጃጅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በኛ አገር ቆሞ የሚውል መኪና የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አይቀርም። መጀመሪያ ቀን ማንም ምንም አይልም። በሁለተኛው ቀን እናት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጀምራሉ። «ልጄ፣ እንዲያው ቆሞ ከሚውል እትዬን ጠበል ቢያደርሳቸው ምን አለበት? ወገባቸውን ታመዋል እኮ።» ምን ትላላችሁ? እሺ ነው መልሱ። እትዬ ጻድቃኔ ማርያም ይሄዳሉ፣ አብረዋቸው ሁለት ጎረቤት ይሳፈራሉ። በማግስቱ የአጎት ልጅ ሠርግ አለበት፣ ሙሽራ የሚይዝ መኪና ጎደለ ይባላል። ከዚያ አንድ ኩንታል ጤፍ ከገጠር ይምጣ። ይኼን ክፋት ብዬ አይደለም የምነግራችሁ። ሰው የሚጠይቀው ስለሚወዳችሁም፣ ስለሚያስፈልገውም ነው። እትዬን ጠበል ማድረስ በራሱ ጥሩ ነገር ነው። ግን ነዳጁም፣ የሹፌሩ አበልም፣ በውሉ ከተፈቀደው ኪሎ ሜትር ያለፈውም ሒሳብ የሚመጣው እናንተ ላይ ነው። ማድረስ ከፈለጋችሁ ቀን ቆርጣችሁ፣ «ቅዳሜ የእትዬ ቀን ናት» ብላችሁ ያን ቀን ተከራዩላቸው። ምርቃቱም ያኔ ይበልጣል።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መንገዱ አስፋልት ነው። ለዚህ መንገድ ብቻ ብሎ መኪና መያዝ አያስፈልግም። ላምበረት መነኻሪያ በጠዋት ሂዱ። እስከዚያ በስልክ የሚጠራ ታክሲ፣ ራይድ ወይም ፈረስ የሚባለው፣ ያደርሳችኋል። ግቢው ውስጥ ረዳቶቹ «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን! አንድ ሰው የቀረው!» ይላሉ። አንድ ሰው የቀረው አትመኑ፣ ዓይናችሁን ወደ ውስጥ ጣል አድርጉና ወንበሩን ቁጠሩ። መኪናው የሚነሳው ሰዓት ጠብቆ ሳይሆን ሲሞላ ነው። ዶልፊን ወይም አባዱላ የሚባለውን ሚኒባስ ካገኛችሁ ፈጠን ይላል። ቅጥቅጥ የሚባለው መለስተኛ አውቶቡስ ሰፊ ነው፣ ግን እየቆመ ያወርዳል፣ ይጭናል። እግራችሁ ረጅም ከሆነ ወይም ልጅ ከያዛችሁ የአንድ ወንበር ትርፍ ከፍላችሁ ሰፋ ብላችሁ ተቀመጡ። ማንም አይስቅባችሁም። ታሪፉ መነኻሪያው ውስጥ ይለጠፋል፣ ከመሳፈራችሁ በፊት አንብቡት። በበዓል ዋዜማ ግን ታሪፍም ወንበርም ይጠፋል፤ ለገና ወይም ለፋሲካ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም በሉ።

የመጀመሪያዋ ቀን ለብቻዋ ናት። ከአውሮፕላን የወረደ ሰው፣ ለእያንዳንዱ 23 ኪሎ የሚመዝን ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ እንቅልፍ ያጣ ልጅ። ይኼን ሁሉ ይዛችሁ ላምበረት አትሂዱ። ያን ቀን የሚያደርሳችሁና አራግፎ የሚመለስ መኪና ያዙ። ዋጋው የአንድ መንገድ ነው ወይስ የደርሶ መልስ፣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ጊዜ ባዶውን የሚመለስበትንም ያስከፍላሉ፣ አግባብም ነው።

አሁን መኪና ወደሚያስፈልግበት እንምጣ። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መናገሻ፣ በኋላም የምኒልክ መቀመጫ የነበረው ኮረብታ አናት በእግር ነው የሚወጣው፣ እዚያ ሆናችሁ ቁልቁል የአፋርን ሜዳ ታያላችሁ። በሚኒባስ ይኬዳል። ችግሩ መመለሻው ነው። ጠዋት መኪና አለ፣ ከሰዓት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል፣ እናንተ ደግሞ ጉም እስኪገለጥ መጠበቅ ትፈልጋላችሁ። ሰዓት እያዩ አንኮበርን ማየት አንኮበርን አለማየት ነው።

መንዝ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ ድረስ አውቶቡስ አለ። ጓሳ የሚባለውን ጥብቅ የሣር ሜዳ ለማየት ግን ከመሐል ሜዳ አልፎ መሄድ ይጠይቃል። ቀይ ቀበሮ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ማለዳ፣ ውርጩ ሳይለቅ ነው፤ ጭላዳው ደግሞ ፀሐይ ሲወጣ ከገደሉ እየወጣ ሜዳው ላይ ሣር ሲነጭ ትደርሱበታላችሁ። ጓሳን ሕዝቡ ራሱ ቄሮ በሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረ መሬት ነው፣ ለልጆቻችሁ መንገር ያለባችሁ ታሪክ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚጀምር ስለሆነ ደርሳችሁ ወዲያው መሮጥ የለም። እዚያ ሌሊት የሚያድር፣ ፎርዊል የሆነ መኪና ያስፈልጋችኋል። በክረምት በተለይ ጭቃው እንደ ቪትዝ ያለ ትንሽ መኪና አይምርም።

በራስ መኪና መሄድ ሌላም ጥቅም አለው። ሚኒባስ ሸኖ ላይ ለቅቤ አይቆምላችሁም። ጫጫ ጋ ስትደርሱ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱባትን አንጎለላን ለልጅ ማሳየት ብትፈልጉ ማንም «ወራጅ አለ» ብሎ አይጠብቃችሁም። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ የሚሸጡትን ሴቶች በመስኮት ብቻ ታልፏቸዋላችሁ።

«ራሴ ልንዳ?» ለሚለው መልሴ አይሆንም ነው። እዚያ ሃያ ዓመት ነድታችሁ ይሆናል። የውጭ መንጃ ፈቃድ ግን እዚህ እንዲሁ አያስነዳም፣ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ወደ ኢትዮጵያ መቀየር አለበት። ከለንደን፣ ከሜልበርን ወይም ከጆሃንስበርግ የመጣችሁ ደግሞ በግራ መንዳት የለመደ እጅ ነው ያላችሁ፣ እዚህ በቀኝ ነው። ይኼ ሁሉ ቢሟላ እንኳ ጣርማ በር አለ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው ዋሻ ውስጥ ገብታችሁ ስትወጡ ጉሙ ከፊታችሁ ያለውን ሲኖትራክ ይሸፍነዋል። ከዚያ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ቁልቁል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ትወርዳላችሁ። ሹፌሩን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። የአገሩ ሰው ከሆነ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ይቀንሳል፣ ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረገ ይለቃል። ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ካጋጠማችሁ ደብረ ሲና ላይ አቁሙት፣ ቡና ጋብዙት፣ ፍሬኑ ይቀዝቅዝለት። ሲመሽ ደግሞ በግ፣ አህያ፣ ጋሪ፣ መብራት የሌለው መኪና ሁሉም አስፋልቱ ላይ ነው። በማታ አትጓዙ። ሹፌሩ «ችግር የለም፣ እንደርሳለን» ቢልም።

ውል ስትዋዋሉ በቃል አትለፉ። ነዳጅ በማን ነው? በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ተፈቅዷል? የሹፌሩ አልጋና ምግብ በኪራዩ ውስጥ አለ ወይስ ለብቻው? ጎማ ቢፈነዳ፣ መኪናው ቢበላሽ ምትክ ይመጣል? ሊብሬውንና የኢንሹራንሱን ወረቀት አሳዩኝ በሉ። የሦስተኛ ወገን መድን በሕግ ግዴታ ነው፣ እሱ ግን የሌላውን ሰው ጉዳት እንጂ የተከራያችሁትን መኪና አይሸፍንም። ስለዚህ ለመኪናው ራሱ መድን አለው ወይ ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ። ኋላውን አስከፍታችሁ ስኮርታውንና ክሪኩን እዩ። ስኮርታውን በእጃችሁ ተጫኑት፣ ነፋስ የሌለው ስኮርታ ይዞ የሚዞር መኪና ስንት አለ መሰላችሁ። ጭረቱን ሁሉ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹ፣ ሹፌሩ እያየ። ነዳጅ አንዳንድ ጊዜ ስለሚጠፋ ደብረ ብርሃን ላይ ሳይሞሉ ወደ መንዝ አይወጣም።

ልጅ ያላችሁ፣ የልጅ መቀመጫ ከዚያው ይዛችሁ ኑ። እዚህ ከኪራዩ ጋር ይሰጠናል ብላችሁ አታስቡ። ይዛችሁ ብትመጡም ሌላ ሥራ አለ። የኋላ ወንበሩ ቀበቶ ብዙ ጊዜ ከወንበሩ ልብስ ስር ተቀብሯል፤ መቆለፊያው የት እንደገባ ሹፌሩም አያውቅም። ከመነሳታችሁ በፊት ልብሱን ገልጣችሁ፣ እጃችሁን ሰድዳችሁ አውጡት። ሹፌሩ «ምን ያደርጋል?» ብሎ ፈገግ ይላል። ይበል።

ከሁሉም የሚቀድመው ግን የመንገዱ ሰላም ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ግጭት ሰሜን ሸዋም ብዙ አይቷል። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ባጃጅም የማይንቀሳቀስበት ቀን ይመጣል። ትናንት ክፍት ነበር ማለት ዛሬ ክፍት ነው ማለት አይደለም። የውጭ ዜና አንብባችሁም፣ የዘመድን «አረ ሰላም ነው» ሰምታችሁም ብቻ አትነሱ፤ ዘመድ ስለናፈቃችሁ ሰላም ነው ይላል። መነኻሪያ ሄዳችሁ ያን ቀን ጠዋት ከዚያ የመጣ ሹፌር ጠይቁ። የተከራያችሁት ሹፌርም ዋናው ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው። ስልኩን አንስቶ «መዘዞ እንዴት ነው? መኪና እያለፈ ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው ጓደኞች አሉት። «ዛሬ ባንሄድ ይሻላል» ካለ አትከራከሩት፣ የቀኑን ክፈሉትና ቡናችሁን ጠጡ። የምትኖሩበት አገር መንግሥት ወደ አካባቢው አትሂዱ ብሎ ከሆነ ደግሞ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ ላይሠራ ይችላል፣ ውሉን ከመነሳታችሁ በፊት አንብቡ።

አንድ የሚምታታ ነገር ልጨምር። «ሰሜን ሸዋ ከሄድን ደብረ ሊባኖስንም እግረ መንገዳችንን» የሚል ሰው አያልቅም። ደብረ ሊባኖስና ፍቼ በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ፣ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። ከደብረ ብርሃን በዋናው መንገድ ለመሄድ አዲስ አበባ ተመልሶ እንደገና መውጣት ነው። ለብቻው ቀን ስጡት፣ መንገዱንም ለብቻው ጠይቁ።

ሹፌሩን በተመለከተ፣ አብሯችሁ ይብላ። ሌላ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡት፣ ቤተሰብ ቤት ስትገቡም ውጭ አትተዉት። ሌሊት የሚያድርበት ሞቅ ያለ አልጋ ይፈልጋል፤ ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ መኪና ውስጥ የሚታደርባት ከተማ አይደለችም። ጉርሻውን ሥራው ሲያልቅ በእጁ ስጡት እንጂ ለድርጅቱ አትስጡለት።

ስትመለሱ በረራችሁ ማታ ቢሆንም በዚያው ቀን ከደብረ ብርሃን አትነሱ። አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡ። ለመመለሻውም መኪና ያዙ፤ ስትመጡ የነበረው ሻንጣ ባዶ ቢሆንም በርበሬው፣ ሽሮው፣ የሸኖው ቅቤና የእናት ዳቦ ተጨምሮበታል። ቅቤውን በደንብ አንጥራችሁ በሁለት ላስቲክ አሽጉት። ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ የምትገቡበት አገር ጉምሩክ የሚያስገባውን እዩ፤ አንዳንዱ የወተት ውጤት አይፈቅድም።