ድንጋይ ቆርቆሮ አይይዝም

ጥያቄ፦ ቤቴ አዳማ ነው። ሰሞኑን በነፈሰው ንፋስ ከጣሪያዬ ጥግ ሁለት ቆርቆሮ ተገነጠለ። ሚስማሮቹ ቆርቆሮው ላይ እንደተሰኩ ናቸው። ጎረቤቴ ድንጋይ ጫንበት ይላል። አናጢው ደግሞ ወፍራም ቆርቆሮ ግዛ ይለኛል። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ ሁለቱም ይቅርብዎ። ሚስማሩ ከቆርቆሮው ጋር አብሮ ከተነሳ፣ የለቀቀው እንጨቱ ነው። ሚስማሩ እንጨቱ ላይ ቀርቶ ቆርቆሮው ዙሪያውን ተቀዶ ቢሆን ኖሮ አናጢዎ እውነት አላቸው እል ነበር። ባሕር ዛፍ በእርጥቡ ተመትቶ ሲደርቅ ሚስማር አይጨብጥም። ሚስማሩ ልሙጥ ከሆነማ ንፋሱ በነቀነቀው ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ይወጣል።

ንፋስ ጣሪያን የሚያነሳው ወደ ላይ ስቦ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ በካሬ ሜትር ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት አለው። ጥግና ጠርዝ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ የእርስዎም ከጥግ የጀመረው ለዚህ ነው። ስስ ቆርቆሮ በካሬ 5 ኪሎ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ስንት ድንጋይ ሊጭኑ ነው? ድንጋዩ የወረደ ዕለት ደግሞ ከሥር ማን እንደቆመ አይታወቅም።

በድሮው ቀዳዳ መልሰው አይምቱ፤ እሱን በሲሊኮን ይድፈኑት። ባለ ጎማ ብሎን ይግዙ፤ እንጨቱ ውስጥ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር የሚገባ ይሁን። የሚታሰረው የቆርቆሮው ሞገድ ከፍ ያለበት ጉብታ አናት ላይ ነው። ጎማው ከብሎኑ ቆብ ጠርዝ ትንሽ ብቅ ሲል ያቁሙ። ከዚያ በላይ ካጠበቁት ጉብታው ይጎደጉድና ክረምት ላይ ያፈስብዎታል። መሀል ጣሪያ ላይ ሁለት ጉብታ እየዘለሉ ቢያስሩ ይበቃል። ጠርዙን ዙሪያውን ግን አንድ ብቻ እየዘለሉ ይሰሩት። እዚህ ላይ ብሎን አይቆጥቡ፤ ከአዲስ ቆርቆሮ ይረክሳል።

ብሎኑ ሲጠነክር ንፋሱ ቀጣዩን ደካማ ቦታ ይፈልጋል። ጥጉ አሁን ክፍት ስለሆነ ገባ ብለው ይዩ። ሞራሌው (ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት) ከወራጁ (ከሥሩ ካለው ተዳፋት እንጨት) ጋር በአንድ ሚስማር ብቻ ተይዞ ከሆነ፣ በሚቀጥለው ቆርቆሮው ከነሞራሌው ይሄዳል። የጋልቫናይዝድ ላሜራ ቁራጭ በሞራሌው ላይ አሳልፈው ግራና ቀኝ ከወራጁ ጋር ይምቱት። ብዙዎች በጥቁር ሽቦ ያስሩታል፤ ዝገት ይበላዋል። ወራጁም ከግድግዳው አናት ቢም (ከኮንክሪት ማሰሪያው) በሚወጣ ፌሮ መታሰር አለበት።

ቆርቆሮው ከግድግዳው ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ወጥቶ ከሆነ ያሳጥሩት፤ ንፋሱ ከሥር ገብቶ የሚገፋው እዚያ ጋ ነው። ማሳጠር ካልፈለጉ ከሥሩ በኮርኒስ ይዝጉት።